የማያበራው ሲሊከን ለምን ቀይ ያበራል?

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። መምህራችን ሲሊከን ብርሃን ለማመንጨት እንደማይሆን፣ የኤልኢዲ መብራትም ከጋሊየም ውህዶች እንደሚሠራ አስተምረውናል። በቅርቡ ግን በአሲድ የተቦረቦረ የሲሊከን ቁራጭ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ቀይ ሲያበራ በቪዲዮ አየሁ። ነገሩ እንዴት ነው? እኛስ በቤተ ሙከራችን ልንሞክረው እንችላለን?

መልስ፦ መምህርዎ ያስተማሩት ትክክል ነው፤ እርስዎ ያዩትም እውነት ነው። ልዩነቱን ያመጣው የሲሊከኑ መጠን ነው።

በተራው ሲሊከን ውስጥ ከፍ ወዳለ የጉልበት ደረጃ የወጣ ኤሌክትሮን ሲመለስ ትርፍ ጉልበቱን በብርሃን መልክ የሚለቀው ሞመንተሙ (የእንቅስቃሴ መጠኑ) ሲስማማ ነው። ከጋሊየም ውህዶች አንዱ በሆነው በጋሊየም አርሰናይድ ይህ ከመነሻው የተስማማ ሲሆን፣ በሲሊከን ግን ኤሌክትሮኑ የአተሞችን ንዝረት እገዛ ይጠብቃል፤ ጥበቃው ስለሚረዝምም አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የክሪስታሉ ጉድለት ላይ ይያዝና ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። የምትወጣው ጥቂት ብርሃንም ብትሆን፣ የጉልበት ክፍተቱ (ኤሌክትሮኑ ሲመለስ የሚወርደው የጉልበት ልዩነት) 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ በመሆኑ፣ ዓይን የማያያት ኢንፍራሬድ ናት።

እርስዎ ያዩት በአሲድ የተቦረቦረው ዓይነት ቀዳዳማ ሲሊከን ይባላል፤ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ሲሆን፣ ያገኙትም አርተር ኡህሊርና ባለቤታቸው ኢንገቦርግ የሲሊከንን ገጽ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድና በኤሌክትሪክ ለማለስለስ ሲጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ በእንግሊዝ ማልቨርን ከተማ ተመራማሪው ሊ ካናም ይኸው ነገር በተራ የክፍል ሙቀት በዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን እንደሚሰጥ አሳወቁ። አሲዱ ሲቦረቡረው በቀዳዳዎቹ መካከል የሚቀረው ግድግዳ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ይሆናል፤ ኤሌክትሮኑ ከ5 ናኖሜትር ባነሰ ቦታ ሲታሰር የጉልበት ክፍተቱ ይሰፋል፣ ብርሃኑም ከኢንፍራሬድ ወደ ቀይና ብርቱካናማ ይመጣል። በእኔ እምነት ግን ከዚህ ያላነሰው ምክንያት፣ ኤሌክትሮኑ በትንሿ ክሪስታል ውስጥ ስለተዘጋበት ርቆ ሄዶ ጉድለት ላይ ለመውደቅ አለመቻሉ ነው። በገጹ ላይ ያለው ኦክስጅንም ቀለሙን ስለሚለውጥ፣ የብርሃኑ ምንጭ ክሪስታሉ ነው ወይስ ገጹ በሚል ተመራማሪዎች ለዓመታት ተከራክረዋል።

ቁራጩን በእጅ ይዞ ላየው ሰው ነገሩ ያስደንቃል፤ መስታወት የመሰለው ግራጫ ገጽ ቡናማ ይሆናል፣ በጨለማ አልትራቫዮሌት ሲበራበትም እንደ ፍም ይቀላል፤ በጣት ቢታሽ ግን እንደ ዱቄት ይረግፍና የታሸው ቦታ ይጨልማል። ኢንዱስትሪው እስካሁን ለመብራት ያልተጠቀመበት አንዱ ምክንያት ይኸው ስስነቱ ነው። በተጨማሪም ብርሃኑ ዘገምተኛ ነው፤ የሚወጣው በማይክሮሰከንዶች እንጂ እንደ ጋሊየም አርሰናይድ በናኖሰከንዶች አይደለም። ያዩት ብርሃን በብርሃን የተቀሰቀሰ መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ ኤልኢዲ ግን በኤሌክትሪክ መብራት አለበት፤ ኤሌክትሪኩን ወደ እያንዳንዷ ክሪስታል አዳርሶ በደንብ ማብራት ደግሞ እጅግ የከበደ ሥራ ነው።

ሙከራውን በተመለከተ አጥብቄ የምለምንዎ ነገር አለ። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ቆዳ አልፎ በሰውነት ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ይጣበቃል፤ የቀጠነው ደግሞ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊጀምር ስለሚችል፣ ሰው ምንም ያልነካው መስሎት ይቆያል። ብርጭቆንም ስለሚበላ እንደ ቴፍሎን ባለ አሲዱን በሚቋቋም የፕላስቲክ ዕቃ ካልሆነ አይያዝም። ሥራውን የሚያውቅ ኃላፊ፣ አየር የሚስብ ሳጥን፣ ተገቢው ጓንትና አሲዱ ቢነካዎ የሚቀቡት የካልሲየም ግሉኮኔት ቅባት በአጠገብዎ ከሌሉ ጠርሙሱን አይክፈቱት። ተሠርቶ ያለቀ ቁራጭ ካገኙ ግን አልትራቫዮሌት መብራትና ጨለማ ክፍል ይበቃዎታል፤ መብራቱን በቀጥታ እንዳያዩት መነጽር ያድርጉ።