ነጥቡን ለወንበር፣ ገንዘቡን ለገበታ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አንብቤ ሳስብበት አደርኩ። በክሬዲት ካርድሽ 160,000 ነጥብ ተጠራቅሞልሻል። እናትሽን ከደብረ ብርሃን ወደ አሜሪካ ልታመጪ፣ በመንገድ ላይ አውሮፓ ውስጥ ከልጆችሽ ጋር ልታገናኛቸውና በአንድ ትልቅ ምግብ ቤት ልታበያቸው አስበሻል። ባንኩ ነጥቡን ለምግብ ቤትም መክፈያ ማድረግ ትችያለሽ ስላለሽ ለሁሉም ይበቃ እንደሆነ ጠይቀሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽን አየሁ፤ አንዱ ማታለያ ነው ይላል፣ ሌላዋ ሁሉም ነገር በነጻ ነው ትላለች። ሁለቱንም አትስሚ። እኔ ቨርጂኒያ 13 ዓመት ኖሬ ነው ወደ ደብረ ብርሃን የተመለስኩት፤ አንቺ ያሰብሽውንም በጥቅምት 2011 ዓ.ም. አድርጌዋለሁ። እናቴ የመሐል ሜዳ ሰው ናት። እስከዚያ ቀን ድረስ አውሮፕላን የምታውቀው በሰማይ ሲያልፍ ነበር።

አጭሩ መልሴ ይህ ነው፦ ነጥብሽን ለአውሮፕላን ወንበር አውይው፤ ምግቡን በገንዘብሽ ክፈይ። ባንኩ ነጥቡን ለምግብ ቤት ክፍያ ሲቀበልሽ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ነጥብ በአንድ ሳንቲም ወይም ከዚያ ባነሰ ነው የሚያስብልሽ። 30,000 ነጥብ ብትሰጪ 300 ዶላር ይሆናል ማለት ነው። ያንኑ 30,000 ነጥብ ወደ አየር መንገድ ማይል (የአየር መንገዱ የራሱ ነጥብ ማለት ነው) አዛውሬ ለእናቴ ከሮም ዋሽንግተን የሚያደርሳትን የመሄጃ ትኬት ቆረጥኩበት። በገንዘብ ልግዛው ብል ያን ሰሞን ከ700 ዶላር በላይ ይጠየቅበት ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ አየር መንገዶች ቋሚውን የማይል ዋጋ ሠንጠረዥ ትተው ዋጋውን እንደ ቀኑና እንደ ገበያው ስለሚያወጡ በእኔ ቁጥር አትመሪ፤ ስሌቱን ግን በራስሽ ቀን ሥሪው። የትኬቱን የገንዘብ ዋጋ ለሚጠየቅሽ ነጥብ አካፍዪው። ለአንድ ነጥብ ከአንድ ሳንቲም ተኩል በታች ከደረሰሽ ታገሺ፣ ሌላ ቀን ፈልጊ።

አሁን ዋናው ነገር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ጀምሮ ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ነው። ስለዚህ በእሱ ለመብረር የግድ ሼባ ማይልስ የተባለውን የእሱን ማይል ማጠራቀም አያስፈልግሽም። የባንክ ነጥብሽ ወደ ዩናይትድ፣ ወደ ኤሮፕላን (የኤር ካናዳ ማይል ስም ነው) ወይም ወደ ላይፍማይልስ (የአቪያንካ ማይል ስም ነው) የሚዛወር ከሆነ፣ በእነዚያ ማይሎች ከቦሌ የሚነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወንበር መያዝ ይቻላል። የቼዝ ባንክ ነጥብ ወደ ዩናይትድና ወደ ኤሮፕላን አንድ ለአንድ ይሄዳል፤ የአሜሪካን ኤክስፕረስ ደግሞ ወደ ኤሮፕላንና ወደ ላይፍማይልስ። የአንቺ ካርድ የየትኛው ባንክ እንደሆነ አልጻፍሽም፤ መጀመሪያ እሱን አጣሪ። ማይሉንም በእናትሽ ስም ለማድረግ አትድከሚ። በራስሽ ስም አድርገሽ ትኬቱን ለእሳቸው ትቆርጫለሽ፣ ይፈቀዳል።

እኔ የተሳሳትኩበትን ልንገርሽ፤ አንቺ እንዳትደግሚው። ነጥቤን ሁሉ በደስታ አዛወርኩና ከዚያ በኋላ ወንበር መፈለግ ጀመርኩ። የፈለግሁት ቀን የለም፤ የሚቀጥለው ሳምንትም የለም። ወደ አየር መንገድ የሄደ ነጥብ ወደ ባንክ አይመለስም፤ ስምንት ወር ሙሉ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ መሆን አለበት። መጀመሪያ ወንበሩን በአየር መንገዱ ገጽ ላይ በዓይንሽ እዪ፣ ቀኑን ጻፊ፣ ከዚያ የሚበቃውን ያህል ብቻ አዛውሪ። በነጥብ የሚሰጡ ወንበሮች ጥቂት ናቸው። ለገና፣ ለፋሲካና ልጆች ትምህርት ቤት በሚዘጉበት በክረምቱ ወራት ደግሞ ከነጭራሹ ይጠፋሉ። ወንበሮቹ ከበረራው ወደ 11 ወር ያህል ቀድመው ስለሚከፈቱ በጊዜ ያየ ያገኛል። እናንተ አራት ከሆናችሁ በአንድ በረራ አራት ወንበር አትጠብቂ፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሮም ላይ ብትገናኙ ምንም ክፋት የለውም።

ሮም ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የእናቴ ጉልበት ያማት ነበር፤ ያን ሁሉ ሰዓት በአንድ ጊዜ እንድትቀመጥ አልፈለግሁም። ከአዲስ አበባ ሮም የአንድ ሌሊት መንገድ ነው። እዚያ ሦስት ቀን አርፋ፣ እኔና ልጆቼም ከዋሽንግተን መጥተን ተቀብለናት፣ ቀሪውን አብረን ሄድን። ግን ይህ ሁለት ቪዛ ይጠይቃል። ለአሜሪካው ማመልከቻ 185 ዶላር፣ ለሸንገን፣ ማለትም ጣሊያንን ጨምሮ ለአብዛኛው አውሮፓ ለሚያገለግለው ቪዛ፣ ደግሞ 90 ዩሮ ይከፈላል፤ ለሸንገን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ዋስትናም ይጠየቃል። ቪዛው እጅሽ ሳይገባ በገንዘብ ትኬት አትግዢ። በነጥብ ከሆነ ግን ቀድሞ መያዝ ይቻላል፤ ለምሳሌ ዩናይትድ በረራው ሳይነሳ ከሰረዝሽ ማይሉን ያለ ቅጣት ይመልስልሻል። ለዚህም ነው ነጥብ ለእንደ እኛ ያለ፣ ቪዛው መምጣቱ ለማይታወቅ ቤተሰብ ከገንዘብ ይልቅ የሚመቸው።

የስሙን ጉዳይ አደራ። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ የአየር መንገዱ ቅጽ ደግሞ የቤተሰብ ስም ይላል። የእናትሽን ስም ከመታወቂያ ወይም ከራስሽ ልማድ አትጻፊ። ከፓስፖርቱ ፎቶ ገጽ ግርጌ ባሉት ሁለት መስመሮች ላይ ፊደሎቹ እንዴት እንደሰፈሩ እያየሽ፣ ፊደል በፊደል ገልብጪ። እኔ አንድ ፊደል አጉድዬ እሱን ለማስተካከል ሁለት ቀን ስልክ ላይ ዋልኩ። ሌላው፣ በዩናይትድ ማይል የኢትዮጵያን በረራ ስትይዢ ሁለት የተለያዩ የማረጋገጫ ኮዶች ይኖራሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድን ኮድ ጠይቀሽ ተቀበይ፤ ዊልቸርም ሆነ የጾም ምግብ የምታዢው በዚያ ነው። የጾሙን ምግብ ቪጋን ብለሽ ቢያንስ ከበረራው 24 ሰዓት በፊት እዘዢ። ዊልቸር ክፍያ የለውም። እናቴ "እግር አለኝ" ብላ እምቢ ብላ ነበር፤ የፍተሻውን ሰልፍ ስታይ ተቀመጠች።

ወደ ምግቡ ልምጣ፤ ልብሽ ያለው እዚያ ነውና። የምሳ ወንበር ያዢ እንጂ የእራት አትያዢ። በትልልቅ ምግብ ቤቶች የምሳው ገበታ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ይቀላል፤ ሽማግሌና ልጅም በማታ ለሦስት ሰዓት ያህል ከመቀመጥ ይድናሉ። ብዙዎቹ ቦታ ሲይዙልሽ የካርድ ቁጥር ይቀበላሉ፤ ሳትነግሪያቸው ብትቀሪ ያስከፍሉሻል። እኛ የሄድንበት ቀን ረቡዕ ነበር። ቦታ ስይዝ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሌለበት ለአንድ እናት ብዬ ጽፌ ነበር፤ አስተናጋጁም ወረቀቱን ይዞ መጥቶ አንድ በአንድ አረጋገጠልኝ። ያመጡላት መጀመሪያ አርቲቾክ ነበር፤ ቅጠሉ የተደራረበ፣ በወይራ ዘይት ወርቅ እስኪመስል የተጠበሰ። አገላብጣ አየችውና "ይህ እኮ ኮሸሽላ ነው" አለች። እውነቷን ነው፣ የኮሸሽላ ዘመድ ነው። አንዱን ቅጠል ነቅላ ቀመሰች፣ ዝም አለች፣ ሁለተኛውን አንስታ ለትንሹ ልጄ አጎረሰችው። ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ሳህን መቅረቡ ከብዷት ስለነበር አስተናጋጁን ቀጣዩን በአንድ ትልቅ ሳህን እንዲያቀርብልን ጠየቅሁት፤ አደረገው። ከዚያ በኋላ ገበታው የእሷ ሆነ። የከፈልኩት ገንዘብ በሕይወቴ በደስታ ካወጣሁት ሁሉ ይበልጣል።

ለክፍያው የውጭ አገር ግብይት ክፍያ የሌለውን ካርድ ያዢ፤ ሌሎቹ በእያንዳንዱ ግዢ ላይ 3 በመቶ ገደማ ይጨምሩብሻል። ማሽኑ በዶላር ወይስ በዩሮ ብሎ ሲጠይቅሽ ሁልጊዜ ዩሮ በዪ፤ ዶላር ካልሽ ምንዛሪውን እነሱ በፈለጉት ዋጋ ያሰሉታል። ምግብ ቤት ላይ አብዝተው ነጥብ የሚሰጡ ካርዶች አሉ። ቼዝ ሳፋየር ፕሪፈርድ፣ የዓመት ክፍያው 95 ዶላር የሆነው፣ ለአንድ ዶላር 3 ነጥብ ይሰጣል፤ የአሜሪካን ኤክስፕረስ ጎልድ 4 ይሰጣል። ነገር ግን አሜሪካን ኤክስፕረስን በአውሮፓ ትንንሽ ቤቶች ላይቀበሉሽ ስለሚችሉ ቪዛ ካርድ ወይም ማስተርካርድ አብሮሽ ይሁን። እንዲህ ስትከፍዪ ምሳው ራሱ ለሚቀጥለው ትኬት ነጥብ ይሆንሻል።

አንድ ነገር ግን ልቤ ይፈራል። የክሬዲት ካርድ ወለድ በአሜሪካ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ለነጥብ ብለሽ የወሩን ሂሳብ ሙሉውን ሳትከፍዪ ካሳደርሽ በአንድ ወር የምትከፍዪው ወለድ ያገኘሽውን ነጥብ ይበላዋል። አዲስ ካርድ ሲወጣ የሚሰጠው ጉርሻ ብዙ ነው፤ ነገር ግን በሦስት ወር ይህን ያህል አውጪ ይልሻል። የቤት ኪራይ፣ አስቤዛና የመኪና ኢንሹራንስ ብቻ ያንን ከሞላልሽ ውሰጂው፤ ለመሙላት ብለሽ የማያስፈልግሽን ዕቃ አትግዢ። እኔ የማውቃቸው ሁለት የአገራችን ልጆች በዚህ መንገድ ዕዳ ውስጥ ገብተው ወላጆቻቸውን ሳያመጡ ቀርተዋል። ሲያወሩልኝ አልቅሻለሁ።

ሮም ላይ ሦስተኛውን ቀን ለአንድ ቦታ አውይው። የአክሱም ሐውልት በ1929 ዓ.ም. ተወስዶ የቆመበት አደባባይ ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ሕንፃ አጠገብ ነው፤ ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል። የእናቴ አባት በመንዝ አርበኛ ነበሩ። ወስጄ "እዚህ ነበር የቆመው" አልኳት። ነጠላዋን መስቀልያ አጣፍታ ቆመች፤ ብዙ ቆየች። ልጆቼም አላወሩም።

እናትሽ አሁን ጠባሴ አካባቢ ካሉ ፓስፖርታቸውን ይዘው ቢመጡ የስሙን አጻጻፍ አብሬያቸው አያለሁ፤ ፎቶ አንስቼም እልክልሻለሁ። አንቺ እስከዚያ የካርዱን ባንክ ስምና የምታስቢያቸውን ሁለት ሦስት ቀኖች ጻፊልኝ፤ ወንበር መኖር አለመኖሩን በየትኛው ገጽ እንደምታዪ ደረጃ በደረጃ አሳይሻለሁ።