ባለሦስት ሲሊንደር ሱዙኪ ሲንቀጠቀጥ፦ ጠባዩ ነው ወይስ በሽታው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ያገለገለ ሱዙኪ አልቶ ከገዛሁ ስድስት ወር ሆነኝ። ሞተሩ 1.0 ሊትር፣ ባለሦስት ሲሊንደር ነው፤ ማርሹ ማንዋል። ስነዳው ምንም አይልም። መብራት ላይ ስቆም ግን መሪውም ወንበሩም ይንቀጠቀጣል። ኤሲ ስከፍት ይብስበታል። ያሳየሁት መካኒክ ሞተሩ ወርዶ መታደስ አለበት አለኝ። የሰዓት ቺንጋውም አብሮ ይቀየር ብሏል። ጓደኞቼ ደግሞ ሱዙኪ ድሮም ርካሽ ዕቃ ነው፣ ሳይብስበት ሽጠው ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ ሞተሩን አታስወርድ። ስትነዳው ደህና ሆኖ ስትቆም ብቻ የሚንቀጠቀጥ ሞተር ብዙ ጊዜ ውስጡ አልተበላም። ፒስተኑ ወይም ቫልቩ የታመመ ሞተር ዳገት ላይ ይጋለጣል። ጉልበት ያጣል፣ ዘይት ይበላል፣ ያጨሳል። አንተ ከእነዚህ አንዱንም አልጻፍክልኝም።

ቺንጋውን በተመለከተ፣ ያንተ ሞተር የሰዓት ቺንጋ፣ ማለትም የሞተሩን ዋና ዘንግና ቫልቮቹን አስማምቶ የሚያዞር ቀበቶ፣ የለውም። ሰንሰለት ነው ያለው። ቺንጋ የነበረው የቀድሞው 796 ሲሲ ሞተር ነው። የሌለ ዕቃ ልቀይርልህ የሚልህን ሰው ሌላ ምክሩንም በጥርጣሬ ስማው።

ምንም የለበትም እያልኩህ ግን አይደለም። የሚሰማህ ንቅጥቃጤ ሁለት ነገር የተቀላቀለበት ይመስለኛል፤ የሞተሩ የተፈጥሮ ጠባይና በቀላሉ የሚጠገን ብልሽት። ሁለቱን መለየት አለብን።

ከጠባዩ ልጀምር። ባለአራት ሲሊንደር ሞተር ክራንኩ፣ ማለትም ዋናው ዘንግ፣ 180 ዲግሪ በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ ያቀጣጥላል። ያንተው በየ240 ዲግሪው ነው። ሁለቱም ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትሰጣቸው፣ በደቂቃ 800 ጊዜ ይዞራሉ እንበል። ያንተው በሰከንድ 20 ጊዜ ይመታል፤ ባለአራቱ ወደ 27 ጊዜ። ምቱ ሲራራቅ መሪ ላይ ያለው እጅህ እያንዳንዱን ይለየዋል። በዚያ ላይ ዳርና ዳር ያሉት ፒስተኖች እኩል አይወጡም፣ እኩል አይወርዱም። ስለዚህ የሞተሩን ጫፍና ጫፍ ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። ይህን ለማብረድ ማመጣጠኛ ዘንግ የሚጨምሩ ፋብሪካዎች አሉ። ሱዙኪ በዚህ ሞተር ላይ አልጨመረም።

ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የኩባንያውን ታሪክ ካየህ ይገባሃል። ሚቺዮ ሱዙኪ በሙያው አናጺ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 በጃፓኗ ሐማማትሱ ከተማ የከፈተው የሽመና መሣሪያ ማምረቻ ነው። ወደ ሞተር የገቡት ዘግይተው ነው፤ በ1952 ብስክሌት ላይ የሚገጠም 36 ሲሲ ሞተር አወጡ። በ1955 የመጀመሪያ መኪናቸው ሱዙላይት መጣች። 360 ሲሲ ናት፤ የሚነዳት የፊት ጎማዋ ነው። ጃፓን ውስጥ ኬይ የሚባል የትንንሽ መኪኖች ደረጃ አለ። ቁመቱም፣ ስፋቱም፣ ሲሲውም በሕግ የተገደበ ነው። ያኔ ጣሪያው 360 ሲሲ ነበር፣ በ1976 550 ሆነ፣ በ1990 ደግሞ 660። በዚህ ጠባብ ቤት ያደገ መሐንዲስ አራተኛ ሲሊንደር እንደ ቅንጦት ቢታየው አይገርምም።

የአንተዋ አልቶ የዘር ሐረግ የሚጀምረው ከ1979 ነው። ኦሳሙ ሱዙኪ የኩባንያው ፕሬዚዳንት በሆኑ በዓመቱ የመጀመሪያዋ አልቶ በ470,000 የን ወጣች። የተመዘገበችው በንግድ መኪና ደረጃ ነው። በዚህም በቤት መኪና ላይ ይጣል ከነበረው ግብር አመለጠች። ብልጠት ነው! ሞተሯ ያኔም ባለሦስት ሲሊንደር ነበር። ከዚያ በ1983 መጨረሻ ሕንድ ውስጥ ማሩቲ 800 መመረት ጀመረች፤ እሷም ባለሦስት። ኩባንያው እስከ ዛሬ የሚመራበት አባባል በአማርኛ ሲመለስ ማነስ፣ መቀነስ፣ መቅለል፣ ማጠር፣ ማማር እንደ ማለት ነው።

እንግዲህ ጓደኞችህ ርካሽ ዕቃ የሚሉት ይህንን ነው። እኔ ጋ የሚመጡ የሱዙኪ ባለቤቶች የሚያነሱት ቅሬታ ከዓመት ዓመት አይለወጥም። ቆርቆሮው ስስ ነው፣ በሩ ሲዘጋ እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል፣ ረጅም መንገድ ላይ ንፋስ ይገፋዋል፣ የጎማው ድምፅ ጆሮ ይበላል። እውነታቸውን ነው። ያው ሰውዬ ወዲያው ነዳጅ አይጠጣም፣ የትም ይገባል፣ የትም ይዞራል፣ ሥራው ቀላል ነው ይልሃል። ይህም እውነት ነው። የሚያማርረውና የሚያመሰግነው አንዱን ነገር ነው። ከ800 ኪሎ ግራም በታች የሆነች መኪና ድምፅና ንቅጥቃጤ የሚውጥ ምንጣፍና ሙሌት ብዙ የላትም። የሞተሩን ትርታ የምትሰማው ለዚህ ነው። ትልቅ መኪና ነድቶ የመጣ ሰው የመጀመሪያ ሳምንት ሁሌ ይደነግጣል።

አሁን ወደ ሥራችን። ሞተሩን በደንብ አሙቀው፣ ፍሪ ማርሽ ላይ አድርገው፣ ኤሲ ዝጋ። ከዚያ ነዳጅ በትንሹ ስጥና በደቂቃ 1500 ዙር አካባቢ ያዘው። ንቅጥቃጤው ጥፍት ካለ ሞተሩ በትክክል ያቀጣጥላል ማለት ነው፤ ጥርጣሬህ ሞተሩን በሚይዙት ጎማዎች ላይና አየር መግቢያው ላይ ይሁን። 1500 ላይም እየተቆራረጠ ከተንገጫገጨ አንዱ ሲሊንደር ሥራ እየፈታ ነው። ከሦስት ሠራተኛ አንዱ ሲቀር ሲሶው ጉልበት ነው የሚጠፋው፣ ስለዚህ በቀላሉ ይታወቅሃል። የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ ረግጠህ አትንዳው። ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ መውጫው ላይ ያለውን ካታሊስት፣ ማለትም ጭሱን የሚያጣራውን ዕቃ፣ ያቃጥለዋል።

አንተ ስነዳው ምንም አይልም ስላልክ እኔ ቀድሜ የማየው የሞተሩን ጎማዎች ነው፤ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚይዙትን ሱፖርቶች። ኮፈኑን ክፈት። ሌላ ሰው መሪ ላይ ይቀመጥ፣ የእጅ ፍሬን ይሳብ፣ የእግር ፍሬንም ይረገጥ። አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን መያዝ እስኪጀምር ብቻ ለቀቅ፣ መልሶ ርግጥ ያድርግ። አንተ በጎን ቁም። ከፊት ለፊት እንዳትቆም፣ ፍሬን ይከዳል። ሞተሩ ጥቂት ዘንበል ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው። ዘሎ ከተነሳ ወይም ጓ የሚል ድምፅ ካሰማ አንዱ ጎማ ተቀዷል። ሞተሩን አጥፍተህ በባትሪ እያበራህ ጎማውና ብረቱ የተጣበቁበትን ጠርዝ እይ። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ጎማው ተቀምጦ ብረት ከብረት ከተነካካም የሞተሩ ትርታ በሙሉ በቀጥታ ወንበርህ ስር ይገባል።

እዚህ ላይ እኔም ተሸውጄ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ለደንበኛ የተቀደደ ሱፖርት አውጥቼ አዲስ ገጠምኩ። በማግስቱ ሰውዬው ተመልሶ መጣ፤ ከበፊቱ ብሶበታል። ፈትቼ ጎማውን በአውራ ጣቴ ጥፍር ተጫንኩት። እንደ ጫማ ሶል ደርቋል፣ ጥፍሬ ምልክት እንኳ አልተወበትም። አሮጌውን ስጫነው ግን ተቀዶም እሺ ይላል። ከዚያ ወዲህ ሱፖርት ሳልጫን አልገዛም። ሌላም አለ። ብሎኖቹን ሞተሩ በክሪክ እንደተደገፈ አጥብቀህ አትጨርስ። ላላ አድርገህ አስገባቸው፣ ክሪኩን አውርድ፣ ሞተሩ በራሱ ክብደት ቦታውን ይያዝ፣ ከዚያ አጥብቅ። አለበለዚያ አዲሱ ጎማ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ንቅጥቃጤውም አይለቅህም።

ኤሲ ስከፍት ይብሳል ያልከው ሁለተኛ ፍንጭ ነው። ኮምፕረሰሩ ሲገባ ሞተሩ ላይ ሸክም ይጨምራል። ኮምፒውተሩ ይህን አውቆ ሚኒሞውን ትንሽ ከፍ ማድረግ አለበት። ዙሩ ከፍ ብሎ ከጸና ጤነኛ ነው። ወርዶ ሊጠፋ ከዳዳው ብዙ ጊዜ ትሮትል ቦዲው፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚመጥነው በር፣ ቆሽሿል ማለት ነው። ከአየር ፊልትሮው የሚመጣውን ቱቦ ፍታና ቢራቢሮ የምትመስለውን ክዳን ተመልከት። ጠርዟ ላይ ጥቁር ቅባት ቀለበት ሠርቶ ታገኛለህ። የትሮትል ቦዲ ማጽጃ ጨርቅ ላይ ነፍተህ ጥረገው፤ በካቻቢቴ አትፋቀው። ክዳኗ በኬብል የምትሳብ ከሆነ በእጅህ ልትከፍታት ትችላለህ። በኤሌክትሪክ የምትሠራ ከሆነች ግን መጀመሪያ ባትሪውን ፍታ፣ በኃይልም አትግፋት፤ የውስጥ ጥርሷ ይሰበራል። ከጽዳት በኋላ ሚኒሞው ለጥቂት ጊዜ ቢዋዥቅ አትደንግጥ፣ ኮምፒውተሩ አዲሱን የአየር መጠን እስኪለምድ ነው። እግረ መንገድህን በዚያ ዙሪያ ያሉትን ቀጫጭን ቱቦዎች በጣትህ እጠፍ አድርገህ እይ። የተሰነጠቀ ካለ ሲስስ የሚል ድምፅ ታገኛለህ፣ እሱም ሚኒሞ ያበላሻል።

ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላና ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚልከው ኮይል ቀላል ናቸው። እያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ኮይል አለው፤ ስለዚህ ብልሽቱን ሳትገምት መያዝ ትችላለህ። መኪናውን በኮምፒውተር አስነብብ። ፒ0301 ካለህ አንደኛው ሲሊንደር እያቋረጠ ነው። የአንደኛውንና የሁለተኛውን ኮይል አቀያይርና ትንሽ ንዳ። ኮዱ ወደ ፒ0302 ከተዛወረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው። እዚያው ከቀረ ካንዴላውን በተመሳሳይ መንገድ አዛውር። ካንዴላ ስትቀይር ሦስቱንም በአንዴ ቀይር፤ ሦስት ብቻ ናቸው፣ ምን አስቀነሰህ?

ዘይቱንም ዲፕስቲክ፣ ማለትም የዘይት መለኪያውን ዘንግ፣ አውጥተህ እይ። የዚህ ሞተር ዘይት መያዣ ትንሽ ናት፤ ትንሽ ጎደለ የምትለው እሷ ላይ ብዙ ነው። የሰዓት ሰንሰለቱን የሚወጥረው የዘይት ግፊት ነው። ጠዋት ስታስነሳው ለአፍታ ከመንኮሻኮሽ አልፎ ረዘም ላለ ጊዜ ከተንኳኳ ቶሎ አሳየው።

ጓደኞችህ ሽጠው ላሉህ፣ እኔ አሁን አልሸጠውም። እየተንቀጠቀጠ ካሳየኸው ገዢው ያንኑ መካኒክህ ያለህን ይልሃል፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ይቆርጣል። መጀመሪያ አስተካክለው። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ንዳው። የቀረችው ትንሽ ትርታ የመኪናው የራሱ ናት። እሷ ከረበሸችህ ባለአራት ሲሊንደር ፈልግ።

ይህን ሁሉ ሠርተህ ካልተሻለው ያኔ ኮምፕረሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለው ግፊት፣ ይለካ። ይህም ሞተር ሳይወርድ፣ ካንዴላ ብቻ ተፈትቶ የሚሠራ ነው። ሞተሩ ይሙቅ፣ ሦስቱም ካንዴላ ይውጣ፣ የቤንዚን መርጫዎቹ ሶኬት ይነቀል፣ ነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ይረገጥ። ሦስቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ ሞተርህ ጤነኛ ነው። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከወረደ እዚያ ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረህ ድገመው። ከፍ ካለ ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቩን ጠርጥር። የለካኸውን በወረቀት ያዝ፣ የትኛው ቁጥር የየትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ምልክት አድርግበትና ላክልኝ።