የቅጂ ጥበቃ ሥራ ልጀምር ወይስ ለተጠቃሚው መብት ልቁም?

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። አንድ የቪዲዮ ማሰራጫ ድርጅት በይዘት ጥበቃ ክፍሉ የስድስት ወር የተግባር ልምምድ ሰጥቶሻል። ልብሽ ያለው ግን ሰው በገንዘቡ የገዛውን ዕቃና ፋይል እንደፈለገ እንዲጠቀምበት ከሚሟገቱት ጋር ነው፤ አንዱን ብይዝ የሌላው በር ይዘጋብኛል ብለሽም ሰግተሻል። በዚያ ላይ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ መቆለፊያ የሚፈታ ትንሽ ፕሮግራም ጽፈሽ ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ለጥፈሻል፤ ሲቪዬ ላይ ላስገባው ወይ ብለሻል።

ልምምዱን ውሰጂ። ፕሮግራሙን ሲቪሽ ላይ አታስገቢ። በር የሚዘጋብሽ የሠራሽበት ወገን ስም ሳይሆን ያወጣሽው ኮድና የምትፈርሚው ወረቀት ነው።

ከኮዱ እንጀምር፤ አጣዳፊው እሱ ነው። በ1998 የወጣው የአሜሪካ የዲጂታል ሚሌኒየም የቅጂ መብት ሕግ በአንቀጽ 1201 ሁለት ነገሮችን ለየብቻ ይከለክላል፤ መቆለፊያውን መፍታትንና መፍቻ መሣሪያ ሠርቶ ለሌላ ማቅረብን። በየሦስት ዓመቱ የሚወጡት ልዩ ፈቃዶች የሚያነሱት የመጀመሪያውን ክልከላ ብቻ ነው። ስለዚህ ማየት የተሳነው ሰው የገዛውን መጽሐፍ በድምፅ ንባብ ለመስማት መቆለፊያውን ቢፈታ ፈቃዱ ሊሸፍነው ይችላል፤ ያንኑ መፍቻ ለሕዝብ ያወጣው ሰው ግን በዚያ ፈቃድ አይጠለልም። መጠቀም ከተፈቀደ ማጋራትም ተፈቅዷል ብሎ ማሰብ የብዙ ተማሪ ስሕተት ነው። ሆን ተብሎ ለንግድ ጥቅም ሲፈጸም ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጥፋት እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ዶላር ይደርሳል። ሩሲያዊው ፕሮግራመር ዲሚትሪ ስክሊያሮቭ በ2001 ላስ ቬጋስ ውስጥ የተያዘው በዚሁ ዓይነት የመጽሐፍ መፍቻ ሰበብ ነበር፤ ቀጣሪው ኤልኮምሶፍት በ2002 መጨረሻ ከክሱ ነፃ ተባለ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2001 መመሪያው አንቀጽ 6 ተመሳሳይ ክልከላ አለው።

ያንቺ ፕሮግራም በነፃ የቀረበ ስለሆነ እስር ቤት ያስገባሻል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ጊትሃብ የአሜሪካ ድርጅት ነው፤ የትም ብትኖሪ አቤቱታ ሊደርሰው ይችላል። በ2020 ዩቲዩብ-ዲኤል የተባለው የቪዲዮ ማውረጃ ፕሮጀክት በዚህ አንቀጽ አቤቱታ ወርዶ ከሳምንታት በኋላ ተመልሷል፤ የተመለሰው ግን የሕግ ባለሙያዎች ስለተሟገቱለት ነው። አንቺ ጠበቃ የለሽም። ጊትሃብ ላይ ያለውን የኮድ ማከማቻሽን ከሕዝብ እይታ አውጪው፤ ሌሎች የቀዱት ቅጂ ግን እንደማይጠፋ እወቂ። ከዚያ የተማርሽውን በሦስት ገጽ ጻፊ፦ ፋይሉ እንዴት እንደተዋቀረ፣ ቁልፉ ከምን እንደሚመነጭ፣ የንድፉ ድክመት ምን ዓይነት እንደሆነ። ቁልፍም የሚሠራ ኮድም አታካቺበት። ሲቪ ላይ የሚገባው ይህ ጽሑፍ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ፕሮግራሙ በቀጥታ ከተጠየቅሽ አትደብቂ። ከመብት ባለቤት ደብዳቤ ደርሶሽ ከሆነ ግን መጀመሪያ ጠበቃ አናግሪ፤ የእኔ መልስ የጠበቃን ቦታ አይሸፍንም።

አሁን ወደ ልምምዱ። የይዘት ጥበቃ ክፍል ሲባል ፊልም በሕገወጥ መንገድ ከሚቀዱ ጋር ቀን ከሌት የሚታገል ቡድን ይመስላል። የዕለት ሥራው አብዛኛው ግን ከፍሎ እያለ የተከለከለን ደንበኛ ጉዳይ መፍታት ነው። ፊልሙ ኤኢኤስ 128 በተባለ የምስጠራ ዘዴ ተመስጥሮ ይቀመጣል። ማጫወቻው ከፈቃድ ሰርቨሩ ቁልፍ ይጠይቃል፤ መሣሪያው ውስጥ ያለ ዝግ ክፍል ቁልፉን ተቀብሎ ምስሉን ይፈታል። ሥርዓቶቹ በዋናነት ሦስት ናቸው፦ የጉግል ዋይድቫይን፣ የአፕል ፌርፕሌይና የማይክሮሶፍት ፕሌይሬዲ። ዋይድቫይን ደግሞ በደረጃ ይከፈላል። በኤል 1 ምስጠራው የሚፈታው በቺፑ የተጠበቀ አካባቢ ውስጥ ነው፤ ኤል 3 በሶፍትዌር ብቻ ነው። ብዙ አገልግሎቶች ለኤል 3 ከ480 መስመር በላይ ጥራት አይሰጡም።

ችግሩ የሚፈላው እዚህ ነው። አንዱ የስልኩን የአምራች መቆለፊያ በራሱ ፈቃድ ከፍቶ ሌላ ስርዓተ ክወና ሲጭን ወደ ኤል 3 ሊወርድ ይችላል፤ የሚከፍለው ዋጋ ግን አይቀንስለትም። የሌላው ውጫዊ ስክሪን በኬብሉ ላይ ያለውን ኤችዲሲፒ የተባለ ጥበቃ ስለማይደግፍ ጥቁር ምስል ያያል። ኪራይ ፊልም ላይ የተለመደው ውል ለመጀመር 30 ቀን፣ ከጀመሩ በኋላ 48 ሰዓት ነው፤ የመሣሪያው ሰዓት ከተዛባ ያልተነካው ፊልም ጊዜው አልፏል ሊባል ይችላል። ለተጠቃሚ መሟገት የምትፈልጊ ከሆነ የዚህን ያህል ትምህርት የሚሰጥሽ ሌላ ቦታ ብዙ የለም። ከውጭ ሆኖ ዲአርኤም (እንዲህ ያለው የዲጂታል ይዘት መቆለፊያ) መጥፎ ነው ማለት ቀላል ነው፤ የትኛው ደንብ በየትኛው መሣሪያ ላይ የትኛውን ከፋይ እንደሚጎዳ መናገር ግን ሌላ ሙያ ነው፣ ቀጣሪም የሚፈልገው እሱን ነው።

ከመግባትሽ በፊት ቤት ውስጥ ይህን ሥሪ። ራስሽ የቀረጽሽውን የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው የቪዲዮ መለወጫ ፕሮግራም በሦስት ጥራት አዘጋጂ። ሻካ ፓኬጀር በተባለው ክፍት ምንጭ መሣሪያ እያንዳንዳቸው 16 ባይት የሆኑ የቁልፍ መለያና ቁልፍ ሰጥተሽ አመስጥሪው። ቀጥሎ ክሊር ኪ በተባለው ግልጽ ሥርዓት ቁልፉን የሚመልስ ትንሽ ሰርቨር ጻፊና በሻካ ማጫወቻ ክሮም ላይ አጫውቺው። ጀማሪ የሚወድቀው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ቁልፉ የሚላከው ለድረ ገጽ አድራሻ በሚስማማው የቤዝ 64 (ባይትን በፊደልና በቁጥር የመጻፊያ ዘዴ) ዓይነት፣ መጨረሻው ላይ የእኩል ምልክት ሳይኖር ነው፤ በተለመደው ዓይነት ከላክሽው ብራውዘሩ አይቀበልም። ሁለተኛ፣ ብራውዘሩ ይህን አሠራር የሚፈቅደው በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረ የድረ ገጽ ግንኙነት) ወይም በራስሽ ኮምፒውተር የውስጥ አድራሻ ሲሆን ብቻ ነው። ሲሠራልሽ ደግሞ ሆን ብለሽ አበላሺው፦ የቁልፍ መለያውን አንድ ባይት ቀይሪ፣ ሰርቨሩ ዘግይቶ እንዲመልስ አድርጊ፣ ፈቃድ እንዲከለክል አድርጊ። እያንዳንዱ ብልሽት ተጠቃሚው ፊት ምን መልእክት እንደሚያወጣ መዝግቢ። ይህ መዝገብ ከማንኛውም የምስክር ወረቀት ይበልጥልሻል።

የማስወረድ ማስታወቂያ፣ ማለትም መብቴን ጥሷልና ይህ ይዘት ከድረ ገጹ ይነሳ የሚል ጥያቄ፣ የሚያስተናግዱ ክፍሎችም ጀማሪ ይቀጥራሉ። በዚያው የ1998 ሕግ አንቀጽ 512 ማስታወቂያው ስድስት ነገር ይፈልጋል፦ ፊርማ፣ ተጣሰ የተባለው ሥራ፣ ይውረድ የተባለው ነገር የሚገኝበት ቦታ፣ የላኪው አድራሻ፣ አጠቃቀሙ ያልተፈቀደ መሆኑን በቅን ልቦና እንደሚያምን የሚገልጽ ቃል፣ እንዲሁም መረጃው ትክክል መሆኑንና ላኪው የመብቱ ባለቤት ወይም ወኪል መሆኑን የሚያረጋግጥ ቃል። የወረደበት ሰው መቃወሚያ ካስገባና ከሳሹ ፍርድ ቤት ካልሄደ ይዘቱ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀናት ውስጥ ይመለሳል። ዩቲዩብ ከ2007 ጀምሮ የሚጠቀምበት ኮንተንት አይዲ ከዚህ የተለየ የግል ሥርዓት ነው፤ የሚጫኑ ቪዲዮዎችን ባለመብቶች ካስገቡት የናሙና ፋይል ጋር በራሱ ያመሳክራል፤ ቪዲዮውን ሳያወርድ የማስታወቂያ ገቢውን ብቻ ወደ ባለመብቱ ሊያዞር ይችላል። እዚያ በስሕተት የሚመጣ ክስ ብዙ ጊዜ መነሻው የናሙና ፋይሉ ነው። አንድ አምራች ለማንም የሚሸጥ የሙዚቃ ቅንጣቢ ገዝቶ ዘፈኑ ውስጥ ያስገባና ሙሉውን ዘፈን በስሙ ያስመዘግባል፤ ከዚያ ያንኑ ቅንጣቢ በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሁሉ ይከሰሳል። ይህን ማጣራት አሰልቺ ነው፣ ግን የሁለቱንም ወገን ጉዳት በአንድ ጠረጴዛ ታያለሽ።

ልብሽ ያለበት ወገን ቅጥሩ ጠባብ መሆኑን ልንገርሽ። እንደ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ያሉ ለዲጂታል መብት የሚሟገቱ ተቋማት የሚወስዱት ቴክኒካዊ ሰው ጥቂት ነው፤ የሚመርጡትም ለሕግ አውጪና ለጋዜጠኛ በግልጽ ማስረዳት የሚችለውን ነው። ሰፋ እያለ ያለው መንገድ ሕግ የማክበር ሥራ ነው፤ ተማሪዎች ብዙም አያውቁትም። ካሊፎርኒያ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በኋላ ሊነጠቅ የሚችልን ዲጂታል ዕቃ ገዢው ፈቃድ ብቻ እንደሚያገኝ በግልጽ ሳይነግሩት «ግዛ» በሚል ቃል መሸጥን ከልክላለች። የአውሮፓ ኅብረት የጥገና መብት መመሪያ በ2024 ጸድቆ ከሐምሌ 2026 መጨረሻ ጀምሮ በአባል አገሮቹ ይሠራል። በ2013 የተፈረመው የማራካሽ ስምምነት ለዓይነ ስውራን የሚዘጋጁ ቅጂዎችን ስለፈቀደ ቤተ መጻሕፍትና አሳታሚዎች የመጽሐፍ ቅርጸት የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። የአዝራሩን ጽሑፍ፣ የፈቃዱን ዘመንና የሰርቨሩን ምላሽ አንድ ላይ አንብቦ ይጋጫሉ ወይም ይስማማሉ የሚል ሰው በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች ያስፈልጋል።

ለዚህ የሚጠቅምሽ አንድ ልምምድ አለ። በዚያው በአንቀጽ 1201 ሥር በ2024 ለንግድ ምግብ ማዘጋጃ ማሽኖች ጥገና ልዩ ፈቃድ ተሰጥቷል። የጠያቂዎቹንና የተቃዋሚዎቹን ማመልከቻ የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በይፋ አስቀምጦታል። አንብበሽ ማን ምን ማስረጃ እንዳቀረበና የትኛው ሚዛን እንደደፋ በሁለት ገጽ ጻፊ።

የቀረው ውሉ ነው፤ በሩ በእውነት የሚዘጋው እዚህ ነው። የይዘት ጥበቃ ሥርዓት ባለቤቶች ሰነዶቻቸውን የሚሰጡት በምስጢር ውል ነው፤ ግዴታውም ልምምዱ ካለቀ በኋላ ሊቀጥል ይችላል። ነገ ስለዚያው ሥርዓት ድክመት በአደባባይ መጻፍ ብትፈልጊ የሚይዝሽ ይህ ፊርማ ነው። ስለዚህ ምስጢር የተባለው በግልጽ ምልክት የተደረገበት ሰነድ ብቻ እንዲሆንና የማብቂያ ቀን እንዲኖረው ጠይቂ። አጠቃላይ ዕውቀትሽና ችሎታሽ በምስጢር እንዳይቆጠር የሚል ሐረግ ካልኖረ እንዲጨመር ንገሪያቸው። ከዚህ በፊት የሠራሻቸውን ሥራዎች ዝርዝር አባሪ አድርጊ፤ ካልሆነ ድርጅቱ የእኔ ነው ሊል ይችላል። የግል ፕሮጀክትሽን በእነሱ ላፕቶፕ አትንኪ።

ለተለማማጅ ይህን ሁሉ አይቀይሩም ትይ ይሆናል። የምስጢር ውሉን ላይቀይሩ ይችላሉ፤ የሥራዎችን ዝርዝር ማያያዝ ግን የተለመደ ነው፣ ብዙ ጊዜ ቅጹ ላይ ራሱ ቦታ አለው። ከመፈረምሽ በፊት ለሰው ኃይል ክፍሉ በኢሜይል ሁለት ነገር ጠይቂ፦ የምስጢር ግዴታው እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ እንዲሁም ከሥራ ሰዓት ውጭ በክፍት ምንጭ ፕሮጀክት ለመሳተፍ ፈቃድ የሚሰጠው ማን እንደሆነ። በስልክ ከመለሱልሽ የተባለውን ራስሽ ጽፈሽ መልሰሽ ላኪላቸው፤ መልሱ በጽሑፍ እስኪረጋገጥልሽ አትፈርሚ።