ስለ አዲሱ ሴዳን ጠይቁኝ፦ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ነዳጁ

መካኒክ ነበርኩ። ዛሬ እጄ ከግራሶ ከጸዳ ቆይቷል፤ ግን ዘመድ ወዳጅ አዲስ መኪና ሊገዛ ባሰበ ቁጥር ‹‹ና እስቲ ሞክርልን›› መባል አልቀረልኝም። ሰሞኑን ተራው የእህቴ ልጅ ሆነ። አዲስ የቤተሰብ ሴዳን ገዛ፤ ባለ 2 ሊትር ቤንዚን ሞተር፣ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋው መሣሪያ) የሌለው፣ ካምቢዮው ሲቪቲ፣ ማለትም ማርሽ በደረጃ የማይቀይር ኦቶማቲክ። ሦስት ሳምንት ተቀባብለን ነዳነው። ‹‹የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ›› ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ዘነበብኝ። የቻልኩትን እነሆ።

ጋሼ፣ ሁለት መኪና መሐል እየዋለልኩ ነው። አንዱ 190፣ ሌላው 200 የፈረስ ጉልበት አለው። ባለ 200ውን ልግዛ አይደል?

አትቸኩል። ወረቀት ላይ የሚጻፈው የፈረስ ጉልበት ሞተሩ ጥግ ድረስ ሲጮህ የሚሰጠው ነው። ምሳሌ ልስጥህ። የ2018 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ቶዮታ ካምሪ ባለ 2.5 ሊትር ሞተር 203 ፈረስ አለው፤ ግን የሚያገኘው በደቂቃ 6,600 ዙር ላይ ነው። ቶርኩ፣ ማለትም ሞተሩ የሚያዞርበት ኃይል፣ 250 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፣ እሱም 5,000 ዙር ላይ። የዚያው ዓመት ሆንዳ አኮርድ ባለ 1.5 ሊትር ቱርቦ ደግሞ 192 ፈረስ ነው። ቶርኩ ግን 260 ገደማ ነው፤ ያውም ከ1,600 ዙር ጀምሮ።

እስቲ ልጆች ጭነህ 6,600 ዙር የምትደርሰው መቼ ነው? ከቀኑ አብዛኛውን የምትነዳው ከ3,000 በታች ነው። ስለዚህ ወረቀት ላይ ያነሰው መኪና መንገድ ላይ ነካ ስታደርገው ቀድሞ ይነሣል። ካምሪው ደካማ ነው ማለቴ አይደለም። ቱርቦ የሌለው ሞተር ሳያመነታ እግርህን ይከተላል፤ እኔ በግሌ እሱን እመርጣለሁ። ብቻ ለ10 ፈረስ ልዩነት ብለህ እንቅልፍ አትጣ።

ታዲያ መኪና ሲሞከር ምን ምን ይታያል? እኔ ሻጩ አጠገቤ ተቀምጦ አንድ ዙር ዞሬ መጣሁ።

እሱ ሙከራ አይባልም፣ ሽርሽር ነው።

እኔ መጀመሪያ መኪናውን እሞላዋለሁ። የቤተሰብ መኪና አይደል? አራት ሰው ይግባ፤ ኤሲው ይከፈት። ባዶውን የሚበር መኪና አምስት ሰው ሲጫንበት ሌላ መኪና ይሆናል።

ከዚያ መጨናነቅ ያለበት መንገድ እፈልጋለሁ። ፍሬኑን ለቀቅ፣ መልሶ ያዝ፣ እንደገና ለቀቅ። ጥሩ ካምቢዮ እዚህ ላይ እንደ ዘይት ይሄዳል። መጥፎው ይገፈትራል።

ሁለተኛው በ60 እየሄድኩ እስከ 100 መርገጥ ነው። ደርቦ ማለፍ ማለት ይኸው ነው። ከዜሮ እስከ 100 በስንት ሰከንድ ይገባል የሚለውን ሁሉም ያወራዋል፤ ነፍስህን የሚያተርፍልህ ግን ከ60 እስከ 100 ያለው ነው።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ልትደርብ ጀመርክ እንበል፤ ከፊት መኪና መጣ፤ እግርህን አነሣህ። ወዲያው መንገዱ ተከፈተና እንደገና ረገጥክ። ካምቢዮው እዚህ ላይ ነው የሚጋለጠው። እግርህን ስታነሣ ወደ ላይኛው ማርሽ ሄዶ ነበር፤ አሁን መመለስ አለበት። አንዳንዱ ወዲያው ይመለሳል። አንዳንዱ ‹‹ምን አልከኝ?›› የሚል ይመስላል። ያቺ አንድ ሰከንድ ተኩል ከፊትህ የጭነት መኪና እየመጣ ረጅም ናት።

ይህን ሁሉ ስታደርግ በመስታወት ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ጭንቅላት እይ። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ጭንቅላቱ ወደፊት ንቅንቅ የሚል ከሆነ ካምቢዮው ሻካራ ነው። አንተ መሪ ስለያዝክ አይታወቅህም፤ የኋለኛው ሰው አይዋሽም።

ሲቪቲ ማርሽ የለውም ይባላል። ማርሽ ሳይኖረው እንዴት ይሄዳል?

ሁለት ፑሌጃና አንድ ቺንጊያ አስቢ። እያንዳንዱ ፑሌጃ ፊት ለፊት ከተገጠሙ ሁለት ሾጣጣ ሰሐኖች የተሠራ ነው። ሰሐኖቹ ሲራራቁ ቺንጊያው ወደ መሐል ይሰምጣል፣ የሚዞርበት ክብ ያንሳል። ሲቀራረቡ ወደ ዳር ይወጣል፣ ክቡ ይሰፋል። አንደኛው ፑሌጃ ሲጠብ ሌላው ይሰፋል። በሁለቱ መሐል ያለው ልክ ሁሉ ያንቺ ነው። ስለዚህ ‹‹ሁለተኛ››፣ ‹‹ሦስተኛ›› የሚባል ደረጃ የለም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1958 የሆላንዱ ዳፍ በጎማ ቺንጊያ የሚሠራ መኪና አውጥቷል። የዛሬው ቺንጊያ ከብረት ነው። የሚገርመው፣ የተለመደው የብረት ቺንጊያ እንደ ወፍጮ ቺንጊያ አይጎትትም። እርስ በርስ የተደረደሩት ትናንሽ ብረቶች እየተገፋፉ ነው ኃይል የሚያስተላልፉት።

ጥቅሙ ሞተሩ ነዳጅ ቆጥቦ በሚሠራበት ዙር ላይ እንዲቆይ ማድረጉ ነው። ጉዳቱ ጆሮ ላይ ነው። ዳገት ላይ ስትረግጪው ሞተሩ 4,500 ዙር ወጥቶ እዚያው ይጮኻል፤ ፍጥነቱ ደግሞ ቀስ እያለ ይከተላል። ድምፁና ፍጥነቱ ስለማይገጥሙ ሰው ‹‹ተንሸራተተ እንዴ?›› ብሎ ይደነግጣል። አልተንሸራተተም። ፋብሪካዎችም ይህን ስላወቁ ብዙዎቹ ሲቪቲዎች ዛሬ ስትረግጫቸው ማርሽ የሚቀይሩ ይመስላሉ። ለጆሮ ተብሎ የተጨመረ ነው።

ቶዮታ ደግሞ ኮሮላ ላይ ለየት ያለ ነገር አድርጓል። ለመነሻ አንድ እውነተኛ ማርሽ ጨመረበት፤ ቺንጊያው ሥራውን የሚረከበው መኪናው ከተነሣ በኋላ ነው። እኔ ወድጄዋለሁ። ከቆመበት ሲነሣ ያ የመለጠጥ ስሜት የለውም።

ሲቪቲ ቶሎ ይበላሻል የሚሉት እውነት ነው?

ዘይቱን ለሚረሳ ሰው፣ አዎ። አንድ ጊዜ ደንበኛዬ መኪናውን አስጎትቶ አመጣ። ካምቢዮውን ስከፍት ዘይቱ ጥቁር ሻይ መስሏል፤ ታችኛው ማግኔት ላይ የብረት ብናኝ እንደ ጭቃ ተለጥፏል። ፑሌጃው ፊቱ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ነበረው። ፑሌጃው አንዴ ከተጫረ ጨዋታው አልቋል። ቺንጊያው የሚይዘው በዚያ ለስላሳ ፊት ላይ ነውና።

የእኔ መኪና መመሪያ ግን የካምቢዮ ዘይት ዕድሜ ልኩን አይቀየርም ይላል!

የማን ዕድሜ? የዋስትናው ከሆነ እስማማለሁ። እኔ ከ50 እስከ 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ እቀይራለሁ። ዳገትና መጨናነቅ ከበዛ ከዚያም ቀደም ብዬ። የሲቪቲ ዘይት ደግሞ የራሱ ነው፤ የተለመደውን የኦቶማቲክ ዘይት እንዳትጨምሩበት። ቺንጊያው ሳይንሸራተት ፑሌጃውን የሚይዘው በዘይቱ ጠባይ ነው።

ባለ 8 ማርሹ ኦቶማቲክና ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑስ?

ለቤተሰብ መኪና ባለ 8 ማርሹን የሚያህል ጓደኛ የለም። ከባድ ነው፣ ግን ትዕግሥተኛ ነው። ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ ማርሽ ሲቀይር መብረቅ ነው። ፎልክስዋገን በ2003 ጎልፍ ላይ ካወጣው በኋላ ብዙ ፋብሪካ ተከትሎታል። በየመጨናነቁ እየተንፏቀቀ ለሚውል ሰው ግን፣ በተለይ ፍሪሲዮኑ ደረቅ የሆነውን (ዘይት ውስጥ የማይሠራውን)፣ አልመክርም። በግማሽ ተይዞ ሲንፏቀቅ ይግላል።

ወረቀቱ በ100 ኪሎ ሜትር 6.3 ሊትር ይላል። እኔ 9 እየበላብኝ ነው። ዋሹኝ?

አልዋሹህም፤ ግን አንተ ያልነዳኸውን መንገድ ነው የነገሩህ። አውሮፓ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአዳዲስ ሞዴሎች የሚጠቀምበት ደብሊውኤልቲፒ የሚባለው ፈተና የሚካሄደው ቤት ውስጥ፣ ሮለር ላይ ነው። 30 ደቂቃ፣ 23 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 23 ዲግሪ ሙቀት፣ ኤሲ ዝግ። ከሱ በፊት የነበረው 20 ደቂቃና 11 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለነበር ይኼኛው ይሻላል። የአሜሪካኖቹ ቁጥር ከ2008 ሞዴሎች ወዲህ ኤሲ የተከፈተበትንና ቅዝቃዜ ውስጥ የተነዳበትን ፈተና ስለሚጨምር፣ የሁለቱም ቁጥር ካለህ የአሜሪካኑን እመን።

ሌላው ጥያቄ አነዳድህ ነው። በቀን አራት ኪሎ ሜትር ብቻ የምትሄድ ከሆነ ሞተሩ ሳይሞቅ ታጠፋዋለህ። ቀዝቃዛ ሞተር ሆዳም ነው።

ደግሞ ዳሽቦርዱን ብቻ አትመን። የእህቴ ልጅ መኪና 7.4 ይል ነበር። እኛ ሞልተን፣ ቆጣሪውን ዜሮ አድርገን፣ 525 ኪሎ ሜትር ነዳን። እዚያው ማደያ፣ እዚያው ፓምፕ ላይ ስንሞላ 41.5 ሊትር ገባ። 41.5ን ለ525 አካፍለህ በ100 ስታባዛው 7.9 ነው። ግማሽ ሊትር ሰርቆናል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ለክተህም አትፍረድ፤ ሦስት ሙሌት ለካና አማካዩን ያዝ። ሞተሩ አዲስ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሺህ ኪሎ ሜትሮች እርሳቸው፣ ገና አልተፍታታም።

የአሜሪካኑን ማይል በጋሎን እንዴት ልረዳው?

235ን ለቁጥሩ አካፍይ፤ በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደሚሄድ ይነግርሻል። የ2025 ካምሪ ሃይብሪድ (ቤንዚንና ኤሌክትሪክ ሞተር አጣምሮ የያዘው) ዝቅተኛው ዓይነት 51 ይላል፤ 4.6 ሊትር ማለት ነው።

እግረ መንገዴን፦ ‹‹በሊትር ይህን ያህል ኪሎ ሜትር›› የምንለው አነጋገር ያታልላል። በሊትር 8 የሚሄድ መኪና ሸጠሽ 10 የሚሄድ ብትገዢ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 2.5 ሊትር ታተርፊያለሽ። 16 የሚሄደውን ሸጠሽ 20 የሚሄድ ብትገዢስ? 1.25 ብቻ። ጭማሪው ከሁለት ወደ አራት ሲያድግ ትርፉ ግን በግማሽ ያነሰ ነው። ለዚህ ነው እኔ በ100 ኪሎ ሜትር የምቆጥረው።

ሃይብሪዱም ሲቪቲ ነው ይላሉ። ያው ቺንጊያ ነው?

የቶዮታዎቹ ስሙ ብቻ ነው የተመሳሰለው። ከ1997ቱ ፕሪየስ ጀምሮ ውስጣቸው ያለው በአንድ ማርሽ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ጥርሶችና ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ቺንጊያ የለም። ስለ ቺንጊያ የምትሰሙት ፍርሃት እነዚህን አይመለከታቸውም። ጩኸቱ ግን አለ።

ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ አስገብቶ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል አይደል?

አይቆጥብም! ይህ የካርቡሬተር ዘመን ወሬ ነው። ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ስታነሣ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር ጨርሶ ይዘጋል። ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው። ዜሮ ስታደርገው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መርጨት አለበት። ፍሬንህንም ብቻውን ታስቀረዋለህ። ተው።

100 እና 120 መንዳት ነዳጅ ላይ ልዩነት አለው?

ብዙ። የአየር ተቃውሞ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚጨምረው። ከ100 ወደ 120 ስትወጣ የአየሩ ተቃውሞ 44 በመቶ ይጨምራል። ጣሪያ ላይ ፖርታ ባጋሊዮ ካለህ ደግሞ በባዶውም ቢሆን እያስከፈለህ ነው፤ አውርደው።

ከፍታ ቦታ ላይ መኪናዬ ይደክማል። ችግሩ የሞተሩ ነው?

ቱርቦ የሌለው ከሆነ ችግሩ የአየሩ ነው። በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። 2,400 ሜትር ላይ 150 ፈረስ የተባለው ወደ 115 ይወርዳል ማለት ነው። ቱርቦ አብዛኛውን ይሞላዋል። ደጋ የምትኖር ከሆነ፣ ቀደም ብዬ ‹‹ቱርቦ የሌለውን እመርጣለሁ›› ያልኩትን እርሳው።

ኢኮ እና ስፖርት የሚሉት ቁልፎች ሞተሩን ይለውጡታል?

በአብዛኛው መኪና ሞተሩ ያው ነው። የሚለወጠው ፔዳሉ ስንት ሲረገጥ ስንት ይሰጣል የሚለውና ካምቢዮው ማርሽ የሚቀይርበት ሰዓት ነው። ደርበህ ልታልፍ ስትል ስፖርት ላይ አድርገው፤ ሌላውን ጊዜ አትነካካው።

ውዱ ቤንዚን ጉልበት ይጨምራል?

መመሪያው ካላዘዘ፣ አይጨምርም።

የእህትህ ልጅ ግን ተጸጸተ ወይስ ወደደው?

እሱ ወዶታል። ሜዳ ላይ ጸጥ ያለ ነው፤ መጨናነቅ ውስጥ እንደ ቅቤ ነው፤ 7.9ም ለዚህ ሞተር አይከፋም። ያስቸገረችው እናቱ ናት። ድሮ በማኑዋል የነዳች ሴት ናት። ዳገት ላይ ሞተሩ መጮህ ሲጀምር ከኋላ ወንበር ሆና ‹‹ኧረ ማርሽ ቀይርለት፣ ጨነቀው!›› ትለዋለች። የሚቀየር ማርሽ እንደሌለ ሦስት ጊዜ አስረድቻታለሁ። ትናንትም አለችው።