መልስ፦ በስንብት ክፍያ ሱቅ ስለመክፈት

እህቴ፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ይሠሩበት የነበረው ፋብሪካ ሠራተኛ ሲቀንስ መሰናበትዎን ገልጸው፣ በሚያገኙት ክፍያ ደሴ ፒያሳ የልብስ ሱቅ መክፈት ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀዋል። አስቀድመው ሒሳቡን ያጣሩ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በቅነሳ የተሰናበተ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚሁን ሲሶ፣ በዚያም ላይ የሁለት ወር ደመወዝ ያገኛል። ሱቁን ግን አልመክርም፤ የውጭ ምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ከውጭ የመጣን ልብስ በሸጡበት ገንዘብ ያንኑ መልሶ መግዛት ያዳግታል (አከራዮችም የወራት ቅድሚያ ክፍያ ሳይቀበሉ ቁልፍ አይሰጡም)። የስፌት ሙያው በእጅዎ ስለሆነ፣ የኮምቦልቻውን ኪራይ ለቀው ደሴ ወላጆችዎ ዘንድ ቢገቡና በአንድ የስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ቢጀምሩ፣ ጳጉሜ ሳይገባ ትዕዛዝ ሊያገኙ ይችላሉ፤ የቀረውን ገንዘብ ባንክ ያቆዩት።