መርፌው ይቆይ፣ መጀመሪያ ጉዝጓዝ

ከደብረ ብርሃን አጭር ደብዳቤ ደርሶኛል። እንዲህ ይላል፦ «የፈረንጅ ላሜ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ወለደች። 14 ሊትር ትሰጥ ነበር፣ አሁን 9 ደርሳለች። ትበላለች፣ ትኩሳት የላትም። ግን ደስ አላላትም፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው። ካልሲየምም ቫይታሚንም ተወግታለች። ቤቷ ዘንድሮ የተሠራ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ጠዋትና ማታ በውሃ እናጥበዋለን። ምን መድኃኒት ልግዛላት?»

እርስዎ የጠየቁኝ ስለ ወተቱ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። «ቀኑን ሙሉ ቆማ» ብለዋል። «ዘንድሮ የተሠራ» ብለዋል። «ጠዋትና ማታ በውሃ» ብለዋል። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከላሟ እግር ሥር ነው። ወለሉ ሊሾ ሲሚንቶ ይመስለኛል። ጉዝጓዝም የለውም። ላምዎ የምትቆመው መተኛቱና መነሳቱ ስለሚያማት ነው። ሰኮናዋም ሳይጎዳ አልቀረም።

የወተት ላም በቀንና በሌሊት ውስጥ ከ10 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለባት። ተኝታ ነው በደንብ የምታመሰኳው። ስትተኛ ወደ ጡቷ የሚሄደው ደምም ይጨምራል። ስለዚህ እየበላች እንኳ ካልተኛች ወተቷ ይወርዳል።

የእናቶቻችን በረት ወለሉ አፈር ነበር። አፈር ሲረግጡት ይበገራል። ሲሚንቶ አይበገርም። ከ400 ኪሎ በላይ የሆነች ላም ቀኑን ሙሉ ስትቆምበት ክብደቱ ሁሉ ሰኮናዋ ላይ ይወድቃል፤ የሰኮናዋ መርገጫ ደግሞ ውፍረቱ አንድ ጣት እንኳ አይሞላም። ውሃው ሲጨመርበት ይብሳል። ልብስ ሲያጥቡ የዋሉ ቀን ጥፍርዎ እንዴት እንደሚለሰልስ ያውቁታል። የላምም እንደዚያው ነው። ለስልሶ ይሳሳል፣ ጠጠር ይወጋዋል።

ወሊዱም አለበት። ላም ስትወልድ ሰውነቷን የሚያላላው ነገር ሰኮናዋ ውስጥ ያለውን አጥንት የያዙትን ጅማቶችም ያላላል። አጥንቱ ትንሽ ዝቅ ይልና መርገጫውን ከውስጥ ይጫነዋል። ከሥር ጠንካራ ሲሚንቶ ከጠበቀው ይቀጠቅጠዋል። ቁስሉ ወደ ውጭ የሚታየው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። ሰኔ የወለደች ላም ነሐሴ ላይ የምትቸገረው ለዚህ ነው።

ዛሬ ማታ ጠጋ ብለው ይዩዋት። የኋላ እግሮቿን እየቀያየረች ታሳርፋለች? ጀርባዋን ጎበጥ አድርጋ ትቆማለች? ቋንጃዋ ላይ ጸጉሩ ተልጦ ወይም አብጦ ያዩታል? ከዚያ እርስዎ ራስዎ እሷ በምትተኛበት ቦታ ላይ ለስግደት እንደሚንበረከኩ ይንበርከኩና እስከ አሥር ይቁጠሩ። ጉልበትዎን ካመመዎት እሷንም ያማታል። ቀሚስዎ ከረጠበም እንደዚሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልቆጣ፣ አይቀየሙኝ። በየሄድኩበት የማየው ነገር ነው። ሰው ለላሙ ቤት ሲሠራ እንደ ሳሎን ሊሾ ያስደርገዋል፣ ከዚያ በውሃ እያጠበ «ንጹሕ ነው» ይላል። ድካማችሁን አከብራለሁ። ግን እርጥብ ሊሾ ያንሸራትታል። አንዴ የተንሸራተተች ላም ለመተኛትም ለመነሳትም ትፈራለች። ለላም ንጹሕ ማለት ደረቅና ለስላሳ ማለት ነው። በክረምት ደግሞ በደብረ ብርሃን ብርድ ጠዋት ያፈሰሱት ውሃ ማታም አይደርቅም።

ስለዚህ መድኃኒት የሚገዙበትን ገንዘብ ይያዙትና ሰጋቱራ ይፈልጉ። እንጨት ቤቶች በር ላይ ተከምሮ ያገኙታል። ለአንድ ላም መጀመሪያ 3 ወይም 4 ማዳበሪያ ይበቃል፤ ሲነጠፍ ውፍረቱ ከግማሽ ስንዝር አይነስ፣ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ሻካራው ከዱቄቱ ይሻላል። ምስማር እንዳይኖርበት በእጅዎ ይበትኑት። የቺፑድ ሰጋቱራ ግን አይውሰዱ፣ ሙጫ አለበት። ሰጋቱራ ከጠፋ ከግርግም የተረፈ ደረቅ የገብስ ጭድም ይሆናል።

ወለሉን በደንብ ጠርገው ያድርቁት። ከኋላዋ፣ እበት በሚወድቅበት መስመር ላይ፣ ወፍራም አጠና አግድም አስተኝተው በሁለት ድንጋይ ያስደግፉት። ጉዝጓዙ ወደ ቦዩ እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው። ስትተኛ አጠናው ገላዋን እንዳይጫናት ብቻ ይመልከቱ። ከዚያ ያንጥፉ።

ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው። ጠዋትና ማታ እበቱንና የረጠበውን ብቻ በአካፋ አንስተው በላዩ ደረቅ ይጨምሩ። ውሃ ማፍሰሱን ይተዉ፣ ቦዩን ብቻ ይጠቡ። ይህን ካልጠበቁ ከምክሬ ጥቅም ጉዳቱ ይበልጣል፤ እርጥብ ሰጋቱራ የጡት በሽታ ያመጣልና። የተነሳው ለፍግ ይሆናል።

ገመዷንም ይለኩ። ላም ስትነሳ መጀመሪያ ኋላዋን ነው የምታነሳው፣ ለዚያም ራሷን ወደፊት መወርወር አለባት። ገመዱ ካጠረ ወይም ግድግዳው ከደረቷ ከተጠጋ ጉዝጓዙ ብቻውን አይረዳትም።

አንድ ቤት ውስጥ እንዲህ አንጥፈን ቆመን ያየናት ላም ትዝ ትለኛለች። አሸተተችው፣ በፊት እግሯ ገፋ አደረገችው፣ ዞር ዞር አለች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተኛች። ረጅም ትንፋሽ አወጣችና ማመስኳት ጀመረች። ባለቤቲቱ አልቅሳለች።

ሰኮናው ግን በአንድ ቀን አይድንም። በወር የሚያድገው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፣ ታገሡት። የምታነክስ ከሆነ፣ እግሯ ካበጠ ወይም በሰኮናዋ መሃል የሚሸት ቁስል ካዩ፣ የእንስሳት ሐኪም እግሯን አንስቶ ይይላት። ራስዎ በቢላ እንዳይነኩት። ከወሊድ በኋላ ፉርሽካውን በአንድ ጊዜ አብዝተው ከነበረም ለሐኪሙ ይንገሩት፣ እሱም ሰኮና ይጎዳል። ሊሾውን ደግሞ በበጋ፣ የምትራመድበትን ቦታ ብቻ፣ በመሮ ቦይ ቦይ አድርገው ያስወቅሩት።

ለጊዜው ግን ካነጠፉ በሦስተኛው ቀን፣ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ባትሪ ይዘው ቀስ ብለው ይግቡ። ተኝታ እያመሰኳች ካገኟት ወተቱን በየቀኑ እየጻፉ ይከታተሉ። ቆማ ካገኟት ገመዷን እንደገና ይለኩ፣ አንድ ማዳበሪያ ይጨምሩና ይጻፉልኝ።