በትንሽ ከተማ ምርጫ፦ ከወረቀቱ ጀርባ ጀምር

ሰላም ወንድማችን፣ ዎርዚንግተን፣ ሚኒሶታ እየኖርክ ዘንድሮ ዜግነት እንዳገኘህና «አካባቢው ሪፐብሊካን ስለሆነ ድምፅህ ዋጋ የለውም» እንዳሉህ ጽፈሃል። ኖብልስ ካውንቲ ለፕሬዚዳንት ሪፐብሊካን እንደሚመርጥ እውነት ነው። ግን የፕሬዚዳንት ድምፅ የሚደመረው በስቴት ደረጃ ስለሆነ ያንተ ድምፅ ከሚኒያፖሊስ ነዋሪው ድምፅ እኩል ነው፤ ሚኒሶታ ደግሞ ከ1972 ወዲህ ሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት መርጣ አታውቅም።

ለኑሮህ ቅርብ የሆነው ግን ሌላው ነው። ከንቲባው፣ ሲቲ ካውንስሉ፣ ስኩል ቦርዱ፣ የካውንቲ ኮሚሽነሩ፣ ሸሪፉም ሳይቀር ያለ ፓርቲ ስም ነው የሚወዳደሩት። እነዚህ ብዙ ጊዜ ከድምፅ መስጫ ወረቀቱ ታች ወይም ጀርባ ላይ ስለሚገኙ ፕሬዚዳንት ላይ አጥቁሮ ወረቀቱን ሳይገለብጥ የሚያስገባ ሰው ብዙ ነው። ገልብጠህ እየው።

የከተማውን ሰው አመራረጥ ማወቅ ከፈለግህ ፓርቲውን ተወውና የትምህርት ቤት ቦንድን (ለሕንፃ ተወስዶ በንብረት ግብር የሚመለሰውን ብድር) ተመልከት። ዎርዚንግተን የ14 ሺህ ሰው ከተማ ነው፤ በአሳማ ሥጋ ፋብሪካው ምክንያት ከብዙ አገር ሰው ገባ፣ ተማሪው በዛ፣ ክፍሎቹ ጠበቡ። ትምህርት ቤት ለማስፋት ገንዘብ ሲጠየቅ መራጩ አምስት ጊዜ እምቢ አለ፤ የፀደቀው ኖቬምበር 2019 ነው። በስደተኛው ላይ ቅሬታ ያለው ሰው መኖሩ አይካድም፤ ሁሉንም «እምቢ» በዘረኝነት መተርጎም ግን ስህተት ነው፤ ሒሳቡን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የስኩል ዲስትሪክቱ (የትምህርት ቤቶቹ አስተዳደር ክልል) ወሰን ከከተማው ይሰፋል፣ ስለዚህ ለሲቲ ካውንስል የማይመርጠው ገበሬ እዚህ ላይ ይመርጣል። የሕንፃ ቦንድ ሲሆን ግብሩ በእርሻ መሬቱም ላይ ያርፋል፤ ብዙ መቶ ኤከር ያለው ሰው ከባለ አንድ ቤቱ እጅግ የበለጠ ይደርስበታል። የመምህራን ደሞዝና የመሳሰለው ወጪ የሚሸፈንበት ሌቪ (መራጩ የሚያጸድቀው ተጨማሪ ግብር) ሲሆን ግን የሚታሰብበት በመኖሪያ ቤቱ፣ በጋራዡና በዙሪያው ባለ አንድ ኤከር ላይ ብቻ ነው፤ የእርሻ መሬቱ ነፃ ነው። ለዚህ ነው ያው ገበሬ አንዱን ተቃውሞ ሌላውን ሲደግፍ የምታየው። ስቴቱም ይህን አይቶ ለእርሻ መሬት ከሚመጣው የቦንድ ግብር በከፊል ራሱ መክፈል ጀመረ፤ ከ40 በመቶ ተነሥቶ ከ2023 ጀምሮ 70 በመቶ ደርሷል። ስለ ቦንድ ገበሬ ጎረቤትህን ስታነጋግር ይህን አንሣለት፤ ሁሉም አያውቀውም።

ወረቀቱ ላይ ደግሞ ከጥያቄው ጋር «አዎ ብለህ ስትመርጥ የንብረት ግብር እንዲጨምር እየመረጥህ ነው» የሚል ሐሳብ በትልልቅ ፊደል ታትሞ ታያለህ። ሕጉ ስለሚያስገድድ ነው የተጻፈው፤ ብዙ ሰው ግን እሱን አንብቦ ይደነግጥና «አይ» ላይ ያጠቁራል። የጭማሪውን መጠን ከዲስትሪክቱ አስቀድመህ ጠይቅ። ተከራይም ይመርጣል፣ የቤት ባለቤት መሆን አያስፈልግም፤ ወገኖቻችን በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቦንድ እንደ ፌብሩዋሪና ሜይ ባሉ ወራት ለብቻው ሊጠራም ይችላል። ያኔ የሚወጣው ሰው ጥቂት ስለሆነ ሠላሳና አርባ ሰው ውጤቱን ሊገለብጠው ይችላል።

ምዝገባው፦ ቀድመህ ከሆነ ከምርጫው 21 ቀን በፊት ጨርስ። ካመለጠህ በዕለቱ እዚያው ምርጫ ጣቢያ መመዝገብ ይቻላል፤ የአሁኑ አድራሻህ ያለበት መንጃ ፈቃድ ይበቃል። አድራሻው የድሮ ከሆነ መንጃ ፈቃዱን በስምህ ከመጣ የመብራት ወይም የስልክ ቢል ጋር አቅርብ። ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጠረው ቢሉ በባል ስም ብቻ ሲሆንና ሚስት ማስረጃ ስታጣ ነው። መፍትሔው ምስክር ነው፦ በዚያው ፕሪሲንክት (አንድ ምርጫ ጣቢያ የሚጋራ ሰፈር) የተመዘገበ መራጭ አብሯት ሄዶ «እዚህ ትኖራለች» ብሎ ይፈርማል። አንድ ሰው እስከ ስምንት ሰው ይመሰክራል፤ በምስክር የተመዘገበ ግን በዚያው ዕለት ለሌላው መመስከር አይችልም።

ሺፍትህ ካልተመቸ ከምርጫው 46 ቀን በፊት ጀምሮ ምርጫ ወደሚያስተዳድረው የካውንቲው ኦዲተር ቢሮ ሄደህ መምረጥ ትችላለህ፤ ቢሮው እዚያው ዎርዚንግተን ነው። በዕለቱም ለመምረጥ የሚያስፈልግህን ሰዓት አሠሪህ ደሞዝ ሳይቆርጥ የመልቀቅ ግዴታ አለበት፤ ለሱፐርቫይዘርህ አስቀድመህ ንገረው። እንግሊዝኛ ለሚያስቸግራቸው እናትና አባት የሚያነብላቸው ሰው ይዘው መግባት መብታቸው ነው፤ ረዳቱ ግን አሠሪያቸው ወይም የዩኒየናቸው ወኪል መሆን የለበትም።

አንድ ጥብቅ ነገር፦ ግሪን ካርድ ያለው ሰው አይመዘገብም፣ አይመርጥም። ፎርም ላይ «ዜጋ ነኝ» የሚለው ሳጥን ላይ በስህተት ምልክት ማድረግ ዜግነት ሊያስከለክል፣ እስከ መባረርም ሊያደርስ ይችላል። ቤተሰብህ ውስጥ ገና ያልጨረሰ ካለ ይህን ደግመህ ንገረው።

የኦገስቱ ፕራይመሪ (እጩዎች የሚለዩበት ቅድመ ምርጫ) ላይ ደግሞ የፓርቲዎቹ ዓምድ ጎን ለጎን ነው። ከአንዱ ዓምድ ብቻ ምረጥ፤ ከሁለቱም ካጠቆርህ የፓርቲው ክፍል ድምፅህ አይቆጠርም። ፓርቲ የሌለበት ክፍል ግን አይነካም።

አሁን ማድረግ ያለብህ፣ የቤትህን አድራሻ በሚኒሶታ ሴክሬታሪ ኦቭ ስቴት ገጽ ላይ አስገብተህ ናሙና ወረቀቱን ማውጣት ነው። ከዚያ ስንት ሰው ወረቀቱን ሳይጨርስ እንደሄደ ለመገመት፣ ያለፈውን የፕሬዚዳንት ምርጫ የፕሪሲንክትህን ውጤት እዚያው ክፈትና ለፕሬዚዳንት የተሰጠውን ጠቅላላ ድምፅ ለስኩል ቦርድ ከተሰጠው ጋር አስተያየው። ስኩል ቦርድ ላይ ከአንድ በላይ ሰው የሚመረጥ ከሆነ ግን አንድ ወረቀት ብዙ ድምፅ ስለሚሰጥ ቁጥሮቹን በቀጥታ አታወዳድር፤ አንድ ሰው ብቻ ለሚመረጥበት ሌላ ፓርቲ የሌለበት ቦታ የተሰጠውን ውሰድ።